ያልተዘጋ ሂሳብ፤ ስለ ኦኔሲሞስ ነሲብና ስለ አስቴር ጋኖ

ቀን ብር እየቆጠርሁ፣ ማታ ስንኝ እየቋጠርሁ የምኖር ሰው ነኝ። ሁለቱን ግሶች የምትለያቸው የአንዲት ፊደል ቅርጽ ናት፤ ሁለቱን ኑሮዎች የሚለያያቸው ግን ከጉቴ እስከ ነቀምቴ ካለው መንገድ ይረዝማል።

ባንክ ቤት የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው የሥራ ቀን የሚያልቀው ሰዓቱ ሲሞላ አይደለም፤ ሂሳቡ ሲዘጋ ነው። የገባውና የወጣው፣ በመዝገብ የሰፈረውና በካዝና ያለው አንድ እስኪሆን ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። አምስት ብር ብትጎድል ትፈለጋለች፤ አምስት ብር ብትተርፍም እንዲሁ። ለዓመታት በዚህ ልማድ ስኖር የሰውን ዕድሜም በዚያው ዓይን ማየት ጀምሬ ነበር። ለእንጀራ ይህን ያህል፣ ለትዳርና ለልጅ ይህን ያህል፣ ነፍስ ለምትወደው ነገር ደግሞ ይህን ያህል ተብሎ ይመደባል፤ ማታ ግራና ቀኙ እኩል ሲመጣ መብራት አጥፍቶ መተኛት ነው። ሚዛን የሚባለው ይህ መስሎኝ ነበር።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የሥራ ዕድገት ማስታወቂያ ወጣ። ቦታው አዲስ አበባ ነው፤ መስፈርቱንም አሟላለሁ። ባለቤቴ የአማርኛ መምህርት ናት፤ ዲፕሎማዋን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ በየክረምቱ ነቀምቴ እየተመላለሰች ትማራለች። ይህን ትምህርት ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለት ጊዜ አቋርጣዋለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ምክንያቱ የእኔ ዝውውር ነበር። ይህ ሦስተኛዋ ነው። ማመልከቻዬን ጽፌ በመሳቢያ ውስጥ አስቀመጥሁትና ማሰብ ጀመርሁ። ሰው ሲጨንቀው ሽማግሌ ይጠይቃል፤ መጽሐፍ የሚወድድ ሰው ደግሞ ታሪክ ይጠይቃል። እኔም ለሥራው ሲል ሌላውን ሁሉ የተወ ታላቅ ሰው ብፈልግ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። እዚሁ አጠገባችን፣ ነቀምቴ ኖሮ ነቀምቴ ያረፈ ሰው አገኘሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ሦስት ስሞች ነበሩት። የመጀመሪያው ሂካ ነው። በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አጠገብ ሲወለድ የተሰጠው ነው። ስሙ በኦሮምኛ መፍታትን፣ መተርጎምን ከሚያመለክተው ግስ ጋር ይዛመዳል፤ እኛም በአማርኛ ሕልም ፈታ፣ እንቆቅልሽ ፈታ እንደምንለው ማለት ነው። ሁለተኛው ስሙ ነሲብ ነው፤ ይህ ቃል በአማርኛም አለ፤ አንድን ነገር ሳናስብ ስናደርገው «በነሲብ አደረግሁት» እንላለን። ሦስተኛው፣ በጥምቀት ያገኘው ስም፣ ኦኔሲሞስ ነው። በሐዲስ ኪዳን ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው አጭር መልእክት ውስጥ የምናገኘው ባሪያ ስም ሲሆን ትርጉሙ «ጠቃሚ» ማለት ነው። ተርጓሚ፣ ዕጣ፣ ጠቃሚ፤ የሕይወቱን ታሪክ ለመጻፍ የፈለገ ሰው ከእነዚህ ሦስት ቃላት የተሻሉ የምዕራፍ ርዕሶች አያገኝም።

አባቱ የሞተው ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። በ1869 ባሪያ ፈንጋዮች ነጠቁት። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ስምንት ጌቶችን ካሳለፈ በኋላ ምጽዋ ደረሰ፤ እዚያም ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ነፃ አወጣው። በምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በምትባል ስፍራ የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ነበረው፤ ሂካ በሚስዮኑ ዘንድ ተማረ፤ መጋቢት 31 ቀን 1872፣ በአውሮፓውያኑ የትንሣኤ ዕለት፣ ተጠመቀ። ሚስዮኑ ወደ ስዊድን ላከው፤ ስቶክሆልም አጠገብ ብሮማ በሚገኘው የዮሐንስሉንድ ተቋም አምስት ዓመት ተምሮ በ1881 ወደ ምጽዋ ተመለሰ። በተመለሰም ጊዜ ምሕረት ኃይሉ የተባለች ሴት አገባ።

አሁን የእኔ ጉዳይ የሚጀምርበት ቦታ ደረስን። አዲስ ሙሽራ ነው፤ የተማረ ነው፤ በባሕር ዳርቻው ትምህርት ቤት ያለ ብዙ ድካም መኖር ይችላል። እርሱ ግን ወዲያው ወደ ወለጋ የሚሄድ ጉዞ ተቀላቀለ። የቀጥታው መንገድ ዝግ ስለነበር በሱዳን በኩል ዞረው አሶሳ ድረስ ቢመጡም ከዚያ ማለፍ አልሆነላቸውም። ኦኔሲሞስ በንዳድ ታሞ በ1882 የፀደይ ወራት ካርቱም ገባ፤ ጊዜው የማሕዲስቶች ዐመፅ የሚቀጣጠልበት ነበር። ሲሻለው እምኩሉ ተመለሰና የመጀመሪያዎቹን ትርጉሞች ጀመረ። በ1886 እንደገና ተነሣ፤ በዚህ ጊዜ ጉዞውን የመራው ራሱ ነው። እንጦጦ ደረሰ። ከእንጦጦ ወደ ምዕራብ ለማለፍ ግን ፈቃድ አላገኘም፤ ተመለሰ።

በዚያ ዓመት ሠላሳ ዓመት ገደማው ነው፤ ዕድሜው ከእኔ ብዙ አይርቅም። ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። በሥራ ቋንቋ ብንናገር መዝገቡ የተዘጋው በኪሳራ ነው። ታሪኩ ግን በዚህ አላለቀም። መሄድ ባይችል መጽሐፉ ቀድሞት እንዲሄድ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ሐዲስ ኪዳን በኦሮምኛ በ1893 ታተመ። የመላው መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም በ1897 ተጠናቀቀ፤ በ1899 ደግሞ በስዊዘርላንድ ቅድስት ክሪሾና በምትባል ስፍራ፣ በግዕዝ ፊደል፣ እርሱ ራሱ ኅትመቱን እየተቆጣጠረ ታተመ። በመጨረሻም በ1904፣ ከመጀመሪያው ጉዞ ሃያ ሦስት ዓመት በኋላ፣ መጽሐፉን ይዞ ነቀምቴ ገባ። የሌቃ ነቀምቴው ገዥ ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በክብር ተቀበሉት።

ይህን ታሪክ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ቡና ተፈልቶ ልጃችን ከተኛ በኋላ፣ ለባለቤቴ አጫወትኋት። አነጋገሬ ሳይታወቀኝ እየሞቀ ሄደ። ሃያ ሦስት ዓመት! ከምጽዋ እስከ ካርቱም፣ ከካርቱም እስከ እንጦጦ! ሥራን የሚያህል ነገር ቤትን አያስረሳም ወይ? ታላቅ ነገር ያለ ዋጋ ይገኛል ወይ? እርሷ ስኒዎቹን እያጠበች ጨርሳ ሰማችኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«በልጅነቱ የተሸጠ ሰው ኦሮምኛውን ከየት አመጣው?»

ዝም አልሁ። መልሱን አውቀው ነበር፤ በንባቤ መካከል አግኝቼው አልፌዋለሁ። ያለፍሁበትም ምክንያት የሰውየውን ታላቅነት የሚቀንስ ስለመሰለኝ ነው። በልጅነቱ ከቀዬው ተነጥቆ በባዕዳን መካከል ያደገ ሰው አፉን የፈታበትን ቋንቋ ጨርሶ ባይረሳውም እንኳ የልጅ ቋንቋ ሆኖ ይቀርበታል። ከእናቱ ጓዳ የተማረውን ያውቃል፤ የሽምግልናውን፣ የኀዘኑን፣ የፍርዱን፣ የእርሻውን ቃል ግን ሳይሰማ አድጓል። ነቢያትንና መዝሙረ ዳዊትን በልጅ ቋንቋ መተርጎም አይቻልም። ኦኔሲሞስ ይህን ጉድለቱን ያውቅ ነበር። ጉድለቱንም የሞላችለት አስቴር ጋኖ ናት።

«አስቴር የምትባል ረዳት ነበረችው» አልኋት።

«እስካሁን ስንት ጊዜ ስሙን ጠራህ?» አለችኝ። «የእርሷን ገና አሁን መጥራትህ ነው።»

በማግስቱ ታሪኩን ከአስቴር ጀምሬ እንደገና አነበብሁት። ወዳጆቼ ሆይ፣ አንድን ታሪክ ሰው ለውጦ እንደገና ማንበብ ምን ያህል ሌላ ታሪክ እንደሚያደርገው ሞክሩት።

አስቴር ጋኖ በ1872 ገደማ ነፃ ሰው ሆና ተወለደች። የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት። በኋላ ተሽጣ፣ በቀይ ባሕር ተሻግራ ወደ ዐረብ ምድር ልትወሰድ በጀልባ ተጫነች። ጀልባዋን የኢጣልያ መርከቦች ባሕር ላይ ያዙዋት፤ ሰዎቹም ነፃ ወጡ። አስቴር ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት ተወሰደች። ይህ የሆነው በ1886 ነው።

ዓመቱን እዩልኝ። ኦኔሲሞስ ከእንጦጦ የተመለሰበት ዓመት ነው። እኔ በኪሳራ ዘግቼው የነበረው ገጽ ይህ ነው። መንገዱ በምዕራብ በኩል በተዘጋበት በዚያው ዓመት፣ ከባሕሩ በኩል የአሥራ አራት ዓመት ገደማ የሆናት፣ ኦሮምኛዋ ገና ከአፏ ያልደረቀ ልጅ መጣችለት። በዚያ ዓመት እንጦጦን አልፎ ወለጋ ገብቶ ቢሆን ኖሮ እምኩሉ አይመለስም ነበር፤ እንደዚያ ያለ መጽሐፍም በዚያ ጊዜ ባልኖረው ነበር። ኪሳራ ያልሁት ትርፍ ኖሯል፤ የተመዘገበው ግን በሌላ ሰው ስም ነው።

ኦኔሲሞስ የልጅቱን የቋንቋ ተሰጥኦ አስተውሎ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ ሥራ ሰጣት። ይህ የቃላት ስብስብ የሐዲስ ኪዳኑን ትርጉም ለማቃናት አገለገለ። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን የያዘ መጽሐፍም ተረጎመች። ከዚህም በላይ ከትዝታዋ አምስት መቶ ያህል የኦሮሞ እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን በጽሑፍ አሰፈረች፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 እምኩሉ በታተመው የጀማሪዎች የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። የመዝሙር መጽሐፍ በማዘጋጀትም ከኦኔሲሞስ ጋር ሠርታለች። ኤንሪኮ ቼሩሊ ያሰባሰበው ታዋቂ የኦሮሞ ሥነ ቃል ሃርቫርድ ዘንድ የታተመው በ1922 ነው፤ የአስቴር ሥራ በሃያ ስምንት ዓመት ይቀድመዋል።

ዕድሜዋን እናስላው። ሐዲስ ኪዳኑ ሲታተም ሃያ አንድ ገደማ፣ የንባቡ መጽሐፍ ሲወጣ ሃያ ሁለት፣ መላው ትርጉም ሲያልቅ ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር። ቤተሰቧን ነጥቀዋታል፤ አገሯን ነጥቀዋታል፤ አካሏን ሸጠውባታል። ይዛው የወጣችው ሀብት በአፏ ያለው ብቻ ነበር። ባሪያ ፈንጋይ ሰንሰለት ይቆልፋል፣ ዋጋ ይቆርጣል፤ ተረት ግን መቀማት አይችልም። ከባሕር ላይ የወጣችው ልጅ የእናቶቿን ጓዳና የአባቶቿን የእሳት ዳር ወግ በሙሉ በወረቀት ላይ ዘርግታ አስቀመጠችው። ቤተሰብና ሥራ ሁለት የተለያዩ የሚዛን ጎኖች ናቸው ለሚል ሰው ይህ ምን ይባላል? ለአስቴር ሥራዋ ያጣችው ቤት ነበረ። ለአንዲት ተረት ትክክለኛውን ቃል ስትፈልግ የምትፈልገው ያንን ቃል ይናገሩ የነበሩ ሰዎችን ጭምር ነው።

በ1899 የታተመው መጽሐፍ ግን የርዕስ ገጹ ላይ የሰፈረው የኦኔሲሞስ ስም ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው እርሱን ለመክሰስ አይደለም። ዘመኑ እንደዚያ ነበር፤ እርሱም ቢሆን ከስምንት ጌቶች እጅ የተረፈ ሰው ነው። የዘነጉት ብዙዎቹ ከእርሱ በኋላ የመጣን ነን። አይራ ያለው የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት በስሙ ተጠርቷል፤ የሚገባውም ነው። የአስቴር ስም ግን በብዙ ቦታ «ረዳት» ከሚለው ቃል ጋር ታስሮ ይነገራል፤ እኔም በዚያ ቅዳሜ ማታ የደገምሁት ይህንኑ ነው። ረዳት የሚለው ቃል መልካም ቃል ነው፤ ግን ያለ ስም ሲቀር ሰው ይውጣል።

የእኔ ብጤ የባንክ ሠራተኛ ገጣሚ መጽናኛ ሲሻ የሚጠራው ሌላም ስም አለ፤ ቲ. ኤስ. ኤልየት። ከ1917 እስከ 1925 ለንደን ውስጥ በሎይድስ ባንክ ሠርቷል። የሃያኛውን ክፍለ ዘመን የእንግሊዝኛ ግጥም የለወጠውን ረጅም ግጥሙን በ1922 ያሳተመው የባንክ ደመወዝ እየበላ ነው። ወዳጁ ኤዝራ ፓውንድ ገንዘብ አዋጥተን ከባንክ እናስለቅቀው ብሎ ቢነሣም ኤልየት ከባንኩ አልወጣም። ይህን ታሪክ ከአንድም ሁለት ጊዜ ለባልደረቦቼ ተርኬላቸዋለሁ፤ ባንክ ግጥምን አይገድልም ለማለት። ያላወራሁት ክፍል ግን አለ። የግጥሙ ረቂቅ በ1971 ከነእርማቱ ሲታተም በኅዳጉ ላይ የፓውንድ ብቻ ሳይሆን የሚስቱ የቪቪየን አስተያየትና እርማትም ተገኘ። ግጥሙ የተበረከተው ለፓውንድ ነው። ቪቪየን ከባሏ ከተለየች በኋላ በ1938 የአእምሮ ሕሙማን ወደሚጠበቁበት ቤት ገባች፤ በ1947 እዚያው ሞተች። የትዳራቸውን ፍርድ ለመስጠት አልነሣም፤ በሁለት ሰው ቤት የሆነውን ሦስተኛ ሰው አይዳኘውም። ነገር ግን ከዚያ ቅዳሜ በኋላ የኤልየትን ታሪክ እንደ ቀድሞው አድርጌ ማውራት አልቻልሁም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። ምሳሌው ጥሩ ነው፤ ግን እኛ ብዙ ጊዜ ሸክሙን ለሃምሳ አካፍለን ጌጡን ለአንድ ሰው እንሰጣለን።

ወደ ነቀምቴ እንመለስ፤ ከ1904 በኋላ ያለው ዘመን ከጉዞው ዘመን ይልቅ የሚያስተምር ሆኖ አግኝቼዋለሁና። ወደ ወለጋ የገባው ኦኔሲሞስ ብቻውን አልነበረም። በኋላ ዘመኑ የትዳር ጓደኛው የሆነችው ሊዲያ ዲምቦ ነበረች፤ አስቴር ጋኖም ነበረች። ሦስቱም አስተማሪዎች ነበሩ። በነቀምቴ በሕዝቡ ቋንቋ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አስቴርም በዚያ አስተማረች። ስብከቱን ቋንቋውን የማያውቁ ካህናት በጥርጣሬ አዩት፤ ክስ ቀረበበት፤ በ1906 አቡነ ማቴዎስ ፊት ቆመ። አቡኑ በግዞት እንዲኖር አዘዙ። ዐፄ ምኒልክ ግን ውሳኔውን ሽረው ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ፈቀዱለት፤ ከእንግዲህ እንዳይሰብክ ግን ከለከሉት።

ይህን ክልከላ በልባችሁ አመዛዝኑት። ሰውየው ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የደከመው ለመስበክ ነው። ደረሰ፤ በደረሰ በሁለት ዓመቱ አፉ ተዘጋ። የሥራ ምኞት ብቻ ያለው ሰው ቢሆን ኖሮ በዚያ ዓመት ያበቃለት ነበር። እርሱ ግን ለአሥር ዓመት ያህል በትምህርት ቤቱ ውስጥ ፊደል ሲያስቆጥር ኖረ። ከሩቅ ሲታይ ዝቅ ማለት ነው፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚነት ወደ ሀሁ አስቆጣሪነት። ከቅርብ ሲታይ ግን መጽሐፉ አንባቢ ያገኘው በእነዚያ ዓመታት ነው። ማንም ማንበብ በማይችልበት አገር መጽሐፍ የእንጨት ያህል ነው። በልጅ ኢያሱ ዘመን የመስበክ ፈቃድ ሲመጣለት ያ ትምህርት ቤት አንባቢዎችን አፍርቶ ቆይቷል። ልጅ ኢያሱ በ1916 ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም፤ ኦኔሲሞስ ሰኔ 21 ቀን 1931 ነቀምቴ ላይ እስኪያርፍ ድረስ እየሰበከና መጻሕፍቱን እያከፋፈለ ኖረ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ አልሁ። ነቀምቴ የትውልድ ቀዬው አይደለችም፤ የተወለደው ሁሩሙ ነው። አስቴርም የወጣችው ከሊሙ ነው። ሁለቱም ከተነጠቁበት ቤት ይልቅ የጋራ ሥራቸው ወዳደረሳቸው ቦታ መጡና እዚያ ቤት ሠሩ። አስቴር ከኦኔሲሞስ በኋላ ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖራ በ1964፣ ዘጠና ዓመት አልፏት፣ አረፈች። በባሪያ ጀልባ የተጫነችው ልጅ የዐድዋን ዜና፣ የኢጣልያን ወረራና የነፃነቱን መመለስ ሁሉ አይታለች። የሰበሰበችው ሥነ ቃል ብዙው ክፍል ሳይታተም በስዊድናውያን ቤተሰብ እጅ ተቀምጦ ቆይቷል። ኦሮምኛ በ1991 በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ መጻፍ ከጀመረ ወዲህ ያደጉ ልጆች ደግሞ እነዚያን የግዕዝ ፊደል ገጾች ለማንበብ ሌላ ተርጓሚ፣ ሌላ ሂካ ያሻቸዋል። የአስቴር ሂሳብ እስከ ዛሬ አልተዘጋም የምለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ሚዛን የምንለው ነገር ምንድን ነው? የባንክ ቤቱ ሚዛን የሚዘጋው በአንድ ቀንና በአንድ ሰው ስም ነው። ገንዘብ ቆጣሪው በማታው ጉድለቱን ይጠየቃል፤ ባልደረባው አይጠየቅለትም። የቤት ሂሳብ ግን እንዲህ አይዘጋም። የ1886 ጉድለት የተሞላው በ1897 ነው፤ የሞላውም ሌላ እጅ ነው። የ1906 ውርደት ትርፉ የታየው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ሥራና ቤተሰብን በየምሽቱ እኩል ለማድረግ የሚጥር ሰው ሁልጊዜ ከሁለት ያጣ መስሎ ይታየዋል፤ አንድ ቀን ለልጁ ጉድለት አለበት፣ አንድ ቀን ለሥራው፣ አንድ ቀን ለገዛ ነፍሱ። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ሌላ ይመስለኛል፦ የእኔ ትርፍ ሆኖ የተመዘገበው ከማን ሂሳብ ወጥቶ ነው? ያ ሰውስ ስሙ በመዝገቡ ላይ አለ ወይ?

ይህን ጥያቄ ለራሴ ባቀርብ መልሱ ሩቅ አልነበረም። እዚህ ገጽ ላይ ያነበባችኋቸውን ግጥሞቼን ሁሉ አስቀድማ የምታነባቸውና የምታርማቸው ባለቤቴ ናት። ቤት ለመምታት ብዬ የሰበርሁትን ሰዋስው ታቃናለች፤ የማይመስል ቃል ሲገባ በእርሳስ ታሰምርበታለች። አንዳንዱ ስንኝ አሁን ባለበት ሁኔታ የእርሷ ነው ማለት ይቻላል። በግርጌው የሚጻፈው ስም ግን የእኔ ብቻ ነበር። ሁለት ጊዜ የተቋረጠው የክረምት ትምህርቷም በእኔ የሥራ ማኅደር ላይ «ዝውውር» ተብሎ በአንዲት ቃል ብቻ ሰፍሯል።

ማመልከቻውን ከመሳቢያው አውጥቼ በጠረጴዛችን ላይ አስቀመጥሁትና አብረን አነበብነው። አትሂድ አላለችኝም። ሂድም አላለችኝም። የቀሯትን ክረምቶች ቆጠረች፤ ሁለት ናቸው። ከዚህ በፊት እርሷ ለእኔ ዝውውር ስትል ሁለት ክረምት ትታለች፤ ሁለት በሁለት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሂሳቡ ከባንክ ቤቱ የተሻለ ግልጽ ሆነልኝ። ማስታወቂያው ቀኑ አለፈ። ሌላ ይወጣል፤ አይወጣም ይሆናል። መሥዋዕት አድርጌአለሁ ብዬ እንዳልታበይ ግን አስቴርን አስባለሁ፤ ሁለት ክረምት መቆየት መሥዋዕት ተብሎ ከተጠራ ለእርሷ ሕይወት ቃል አይገኝለትም።

አልደብቃችሁም፣ ሐዘን አልተለየኝም። የሥራ ምኞት ነውር አይደለም፤ ኦኔሲሞስም ምኞት ነበረው፤ ምኞት ባይኖረው ሦስተኛ ጊዜ ተነሥቶ ነቀምቴ ባልደረሰ ነበር። በቡና ሰሞን መስኮቱ ፊት ሰልፉ ሲረዝምና እጄ ብር ሲቆጥር፣ አልፎ አልፎ ልቤ ያቺን ያላየኋትን የአዲስ አበባ ወንበር ታስታውሳለች። ያን ጊዜ የእምኩሉን ጠረጴዛ አስባለሁ። ከውጭ ላየው ሰው የተዘጋ መንገድ ዳር የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የጠፋበትን ቃል ይጠይቃል፣ ሌላዋ ከልቧ ታወጣለች። የወለጋ መንገድ የሚጠረገው ግን በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ይህንንም ጽሑፍ ያረመችው እርሷ ናት። ሁለት ቦታ ላይ አሰመረችበት፤ አንዱ «እጅግ በጣም» የሚል ነበር፣ አወጣሁት። ሁለተኛው ርዕሱ ነው። በርዕሱ ላይ አሁንም የኦኔሲሞስን ስም አስቀድሜ የአስቴርን ማስከተሌን በእርሳሷ አሳየችኝ። ላስተካክለው ብዬ እጄን ስዘረጋ ከለከለችኝ።

«ተወው» አለች፤ «ሂሳቡ ገና አልተዘጋም ብለህ የለም?»